የግል አብራሪነት ፈቃድ የዕድሜ ጣሪያ የለውም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁ ስለ አቪዬሽን የሚያወጣቸውን ዘገባዎች ለዓመታት ስከታተል ቆይቻለሁ። አዲስ የተመረቁ አብራሪዎች፣ ወደ ካፒቴንነት ያደጉ ወጣቶችና አገር የገቡ ግዙፍ አውሮፕላኖች በየጊዜው ተገቢውን ቦታ ያገኛሉ፤ ይህም የሚያስመሰግናችሁ ነው። ይሁን እንጂ በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ማንም ሳይናገረው የሚታለፍ፣ አንባቢውም እንደ እውነት ይዞት የሚቀር አንድ ግምት አለ፤ ይኸውም በረራ የሚማረው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝና ለአየር መንገድ ሥራ የታጨ ሰው ብቻ ነው የሚለው ነው። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በምኖርበት በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ትምህርቱን ጀምሬ የግል አብራሪነት ፈቃድ ያገኘሁ ሰው በመሆኔ፣ ይህ ግምት የተሳሳተ መሆኑን፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣው እውነተኛ እንቅፋትም ሰዎች ከሚያስቡት ቦታ ሌላ መሆኑን ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደንብ መሠረት አንድ ተማሪ ብቻውን ለመብረር 16 ዓመት፣ የግል አብራሪነት ፈቃድ ለመውሰድ ደግሞ 17 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ደንቡ ከታች ወሰን አስቀምጧል፤ ከላይ ግን ምንም አላስቀመጠም። ብዙ ሰው የሚያምታታው የአየር መንገድ አብራሪዎች በ65 ዓመታቸው ከመደበኛ የመንገደኞች በረራ እንዲወጡ ከሚያዘው ሕግ ጋር ነው። ያ ሕግ የሚመለከተው ለደመወዝ ሕዝብ የሚያጓጉዙትን ሲሆን፣ በራሱ ገንዘብ ሴስና የምትባል ባለአራት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን ተከራይቶ ቅዳሜ ጠዋት የሚበረውን ሰው አይነካውም። ተዋናዩ ሞርጋን ፍሪማን የግል ፈቃዱን ያገኘው በ65 ዓመቱ ነው፤ የአየር መንገድ ካፒቴን ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ ማለት ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን የስዊድናዊው የካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ታሪክ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረሩት፣ ከነጻነት በኋላም የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማደራጀት ለዓመታት ያገለገሉት እኚህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በድርቁ ጊዜ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ካለፈ በኋላ፣ ኤምኤፍአይ 15 የምትባል ትንሽ ባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ይዘው መኪና በማይገባበት ተራራማ አገር ለተራበው ሕዝብ እህል ከአየር ይጥሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ጎዴ ላይ ሕይወታቸው ሲያልፍ የ67 ዓመት ሰው ነበሩ። እርግጥ እሳቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብራሪ ስለነበሩ በስተርጅና የተማሩ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን የስድሳ ዓመት ሰው እጅና ዓይን በኢትዮጵያ ተራሮች መካከል ቀላል አውሮፕላን መያዝ እንደሚችል ለሚጠራጠር ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁለትም።

ወደ ሥልጠናው ልምጣ። ደንቡ ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 20 ሰዓቱ ከአስተማሪ ጋር፣ ቢያንስ 10 ሰዓቱ ደግሞ ብቻን የሚበረር ነው። የሌሊት በረራ፣ ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ መብረርና ወደ ሩቅ ማረፊያ ተጉዞ መመለስ ለየብቻ የተመደበላቸው ሰዓት አላቸው። በመጨረሻም የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያም ከፈታኝ ጋር የቃልና የበረራ ፈተና ይሰጣል። 40 ሰዓት ግን ዝቅተኛው ልክ ነው፤ በተግባር ብዙ ተማሪ ከ60 እስከ 70 ሰዓት ሳይበር ለፈተና አይደርስም፤ ከሃምሳ በላይ የሆነ ተማሪም ከዚህ ጥቂት እንደሚጨምር አስቀድሞ አስቦ ቢጀምር ይሻለዋል።

ጭማሪው የሚመጣው ከማስተዋል ማነስ አይደለም። ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ ደንብ፣ ስለ ክብደትና ሚዛን ስሌት የሚሰጠውን ትምህርት ብዙ የኖረ ሰው እንዲያውም በቀላሉ ይይዘዋል። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት የሚደረገው ፍተሻም ትዕግሥተኛውን ይወዳል። ከክንፎቹ ሥር ነዳጁ በትንሽ ብልቃጥ ይቀዳና ወደ ብርሃን ቀና ተደርጎ ይታያል፤ የፒስተን ሞተር ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም ስላለው፣ ውኃ ገብቶበት ከሆነ ቀለም የሌለው ጠብታ ሆኖ ከሥሩ ይዘቅጣል። ፋርማሲስት ነኝና ብልቃጥ ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ ማየት የዕለት ሥራዬ ነበር፤ የልጄ እኩያ የሆነው አስተማሪዬ ይህን ሥራ ለእኔ ማስተማር አላስፈለገውም።

ዕድሜ የሚታወቀው ማረፍ ላይ ነው። ሴስና 172 ወደ መንደርደሪያው የምትቀርበው በ65 ኖት (በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ) አካባቢ ሲሆን፣ መሬት ለመንካት ጥቂት ጫማ ሲቀራት የሞተሩ ኃይል ተቀንሶ አፍንጫዋ ቀስ በቀስ ቀና እየተደረገ፣ መብረር እስኪሳናት ድረስ ከአስፋልቱ በላይ ተንሳፍፋ መቆየት አለባት። ይህ በቃል ተነግሮ የሚገባ ነገር አይደለም። እጅ ሊለምደው ይገባል፤ የሃምሳ ዓመት እጅ ደግሞ የሚለምደው ቀስ ብሎ ነው፣ ቶሎም ይረሳል። በዚያ ላይ ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለንባብ የሚያገለግል መነጽር የምናደርግ ሰዎች የራሳችን ጣጣ አለብን። የፍጥነት መለኪያውን በታችኛው የሌንስ ክፍል እናያለን፤ አገጫችንን ሳናስተካክል ዓይናችንን ወደ ውጭ ስንመልስ ግን መንደርደሪያው ይደበዝዛል፤ ርቀቱንም መገመት ያቅተናል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከዓይን እስከ መሣሪያ ሰሌዳው ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ ለመነጽር ባለሙያው መንገር ነው፤ ባለሙያው ሌንሱን በዚያ ልክ ያሠራዋል። እኔን ይህን የመከረኝ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሌላ ተማሪ እንጂ አስተማሪ አልነበረም፤ ሃያ አራት ዓመት የሆነው አስተማሪ ከየት ሊያውቀው ይችላል?

እጅ ቶሎ ይረሳል ካልኩ ዘንድ፣ በበሰለ ዕድሜ ለሚጀምር ሰው ዋነኛው ቁም ነገር ሳያቋርጡ መብረር መሆኑን አጥብቄ እናገራለሁ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚበር ተማሪ ወደፊት ይሄዳል። በወር አንድ ጊዜ ብቅ የሚል ግን ያለፈውን ትምህርት እንደገና እየከፈለ ይማራል። ስለዚህ ለጠቅላላው ሥልጠና የሚያስፈልገው ገንዘብ፣ ሁሉም ባይሆን አብዛኛው፣ ከመጀመሩ በፊት ቢቀመጥ መልካም ነው። በእኛ አካባቢ አውሮፕላንና አስተማሪ ተደምረው በሰዓት ከ200 ዶላር በላይ ይጠይቃሉ፤ ፈቃዱ እስኪገኝ ድረስም ከ15,000 ዶላር ያላነሰ ወጪ አለ። ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ቤት ለመግዛት ወይም ልጅ ለማስተማር የሚቆጥብ ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ እንዲነሳሳ አልፈልግም። ገንዘቡ ተመልሶ የሚመጣም አይደለም። የግል ፈቃድ ያለው አብራሪ ለሚሰጠው በረራ ክፍያ መቀበል አይችልም፤ የሚፈቀድለት የነዳጅና የኪራይ ወጪን አብረውት ከሚጓዙት ጋር እኩል መካፈል ብቻ ነው። ለክፍያ ለመሥራት የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱም በመደበኛው መንገድ 250 ሰዓት ይጠይቃል። ወገኖቻችን «እንዴ እትዬ፣ አሁን በዚህ ዕድሜ አየር መንገድ ሊቀጥርሽ ነው?» እያሉ ሲጠይቁኝ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ አጥጋቢ ሆኖ ያገኙት ግን አይመስለኝም።

ሰዎች ከዕድሜ ጋር የሚያያይዙት ፍርሃት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዓይንና ስለ ልብ ነው። የግል አብራሪ የሚያስፈልገው የሦስተኛ ደረጃ የጤና ማረጋገጫ በመነጽር የተስተካከለ እይታን ይቀበላል። የደም ግፊት ያለበትም ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ግፊቱ ከ155 በ95 የማይበልጥ ከሆነ በግፊቱ ምክንያት ብቻ አይከለከልም። ስኳርን በሚዋጥ መድኃኒት የተቆጣጠረ ሰው ተጨማሪ የሕክምና ማስረጃ አቅርቦ በልዩ ሁኔታ ሊፈቀድለት ይችላል፤ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው መንገዱ ይረዝማል እንጂ የተዘጋ አይደለም። ማረጋገጫው ከ40 ዓመት በታች ለሆነ ሰው 60 ወር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ደግሞ 24 ወር ያገለግላል።

አደጋው ያለው ማንም መድኃኒት ነው ብሎ በማይቆጥረው ነገር ላይ ነው፤ በሙያዬ ምክንያት እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አንባቢ ይታገሰኝ። ለአለርጂ፣ ለጉንፋን ወይም ለእንቅልፍ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከሚሸጡት ክኒኖች ብዙዎቹ ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለባቸው፤ ብዙ ሰው ቤናድሪል በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። በስማቸው መጨረሻ ላይ «ፒኤም» የሚል የተጻፈባቸው የሌሊት የሕመም ማስታገሻዎችም ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ይዘዋል። በአሜሪካ በአውሮፕላን አደጋ በሞቱ አብራሪዎች ላይ በተደረጉ የላቦራቶሪ ምርመራዎች፣ ንቃትን ከሚቀንሱ መድኃኒቶች መካከል በብዛት የተገኘው ይኸው ነው። የአቪዬሽን አስተዳደሩ ዳይፈንሃይድራሚን የወሰደ ሰው ከመብረሩ በፊት 60 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል። ሐሙስ ማታ ለእንቅልፍ አንዲት ክኒን የዋጠ ሰው ቅዳሜ ጠዋት መብረር የለበትም ማለት ነው፤ ምንም እንኳ ራሱን ፍጹም ንቁ አድርጎ ቢቆጥርም። ከሃምሳ በኋላ የመድኃኒት ሣጥናችን እየሰፋ፣ እንቅልፋችንም እየቀለለ ስለሚሄድ፣ ይህ ነገር ከወጣቱ ይልቅ እኛን ይነካናል። የበረራ ተማሪ የሚውጠውን ሁሉ ጽፎ መያዝና ስለ እያንዳንዱ ከአቪዬሽን ሐኪም፣ ማለትም አብራሪዎችን እንዲመረምር በአስተዳደሩ ከተፈቀደለት ሐኪም፣ ጋር መነጋገር አለበት።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚደርስበት አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከሙሉው የግል ፈቃድ ሌላ የስፖርት አብራሪ የሚባል፣ ቢያንስ 20 ሰዓት የሚጠይቅ ቀለል ያለ ፈቃድ አለ፤ ለእሱም የመኪና መንጃ ፈቃድ እንደ ጤና ማረጋገጫ ሆኖ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ቤዚክሜድ በሚባለው አሠራር የግል አብራሪዎች በአራት ዓመት አንድ ጊዜ በማንኛውም ፈቃድ ባለው ሐኪም እየታዩ፣ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜም አጭር ትምህርት እየወሰዱ መብረር ይችላሉ። ሆኖም ወደዚህ አሠራር ለመግባት ከጁላይ 14 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. በኋላ ቢያንስ አንድ ጊዜ መደበኛውን የጤና ማረጋገጫ ይዞ መገኘት ያስፈልጋል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ሰው ሳይዘጋጅ መደበኛውን ማመልከቻ ሞልቶ ሲከለከል ነው፤ የመጨረሻ ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት ሰው በመንጃ ፈቃዱ የስፖርት አብራሪ ሆኖ መብረርም አይችልም። ሳያመለክት ቢቀር ኖሮ ክፍት የነበረ በር በራሱ እጅ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ማመልከቻውን ከመሙላቱ በፊት ከአቪዬሽን ሐኪም ጋር የምክር ቀጠሮ ይያዝ። ሕመምን ደብቆ መሙላት ግን በፌዴራል ሕግ የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው፤ እሱን መንገድ ብሎ የሚመክር ሰው ቢያጋጥማችሁ አትስሙት።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ዜግነት ያላገኘ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም እንኳ፣ የበረራ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት በትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር ተጣርቶ መፈቀድ አለበት፤ ዜጋው ግን ዜግነቱን የሚያሳይ ማስረጃ ለማሰልጠኛው ማቅረብ ይበቃዋል። በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ደግሞ ከከተማዋ 30 ኖቲካል ማይል (55 ኪሎ ሜትር ገደማ) ድረስ በተዘረጋ ልዩ የበረራ ክልል ውስጥ ስለምንገኝ፣ ከመነሳታችን በፊት የበረራ ዕቅድ ማስገባት፣ መለያ ቁጥር መቀበልና ከተቆጣጣሪ ጋር በሬዲዮ መገናኘት አለብን። መጀመሪያ ላይ ይህ እንደ ሸክም ይታያል፤ በኋላ ግን እንግሊዝኛን በአማርኛ ቅላጼ ለምንናገር ሰዎች ጥሩ ትምህርት ቤት ሆኖ ይገኛል። የሬዲዮ ንግግር ቅደም ተከተሉ የተወሰነ ነው፦ የምትጠራውን፣ ራስህን፣ ያለህበትን፣ የምትፈልገውን ትናገራለህ። ተቆጣጣሪው የሚፈልገው ይህን ብቻ ነው፤ ስለ ቅላጼው ግድ የለውም። በፈጣን ንግግር የተደናገረ ሰው «ቀስ ብለህ ድገምልኝ» ቢል ነውር እንዳልሆነም የአየር ሞገዱ በየቀኑ ያስተምራል።

አሁን ወደ አገር ቤት ልመለስ፤ የደብዳቤዬ ዋና ጥያቄ ያለው እዚያ ነው። ቀላል አውሮፕላን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ አካባቢ በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ያረፈችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ባለአንድ ሞተር ፖቴዝ 25 ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ «እሸት» የተባለች የእርሻ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ትገጣጠም ነበር። እኔ ራሴ የቢሾፍቱ ልጅ ነኝ፤ በእኔ ሠፈር የአውሮፕላን ዓይነት በድምፁ መለየት የልጆች ጨዋታ ነበር። ያኔ ግን ከውትድርና ወይም ከአየር መንገድ ውጭ ለመብረር የሚመኝ ሰው የሚሄድበት በር አልነበረውም።

«አገራችን ከፍታ ስለሆነች ለትንሽ አውሮፕላን አትመችም» የሚል ክርክር ሲቀርብ ሰምቻለሁ፤ ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። የቦሌ መንደርደሪያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው። በዚያ ከፍታ ለስሌት መነሻ የሚሆነው የመደበኛው አየር ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ቴርሞሜትሩ 20 ዲግሪ በሚያሳይበት ቀን አየሩ የሚሳሳው በ10,000 ጫማ ላይ እንዳለ አየር ነው። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የፒስተን ሞተር እዚያ ላይ ከኃይሉ ሲሦ ያህሉን ያጣል፤ ክንፉም ሆነ ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ስስ ነው፤ ሴስና 172 ከመሬት ለመላቀቅ የምትሮጠው ርቀት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከሁለት እጥፍ አያንስም። ይሁን እንጂ አገሪቱ በሙሉ ቦሌ አይደለችም። ድሬዳዋ በ3,800 ጫማ አካባቢ ላይ ናት፤ 32 ዲግሪ በሆነ ቀትር እንኳ አየሯ በ6,700 ጫማ አካባቢ እንዳለ አየር ነው። ይህም ማለት በሐሩሩ ሰዓት የምትነሳ የድሬዳዋ ሴስና ከቀዝቃዛው የአዲስ አበባ ማለዳ የተሻለ ጉልበት አላት። አርባ ምንጭም በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታው የሚጠይቀው ቦታ መምረጥን፣ በማለዳ መብረርን፣ ከአራቱ መቀመጫ ሁለቱን ባዶ መተውንና ስሌቱን ሳይሰለቹ መሥራትን ነው፤ ይህ ደግሞ እርጋታ ያለው ተማሪ የሚወደው ሥራ ነው።

የሚያጠራጥረኝ ሌላ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለግል አብራሪ ያወጣው መለኪያ 17 ዓመትን መነሻ አድርጎ ከላይ ጣሪያ ሳያስቀምጥ፣ በአገራችን ግን የበረራ ሥልጠና ማስታወቂያ የሚወጣው ሁልጊዜ በዕድሜ ገደብ ታጥሮ ነው። ለቅጥር የሚያሰለጥን ድርጅት ወጣት መምረጡ መብቱ ነው፤ የሠላሳ ዓመት አገልግሎት ከሰው ይጠብቃልና። ጥያቄዬ ቅጥር የማይፈልገውን፣ ወጪውን ራሱ የሚሸፍነውን፣ ልጆቹን አሳድጎ ጊዜ ያገኘውን የሃምሳ አምስት ዓመት ነጋዴ ወይም መምህር ወይም ነርስ የሚመለከት ነው።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍላችሁ ሦስት ጥያቄዎችን ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አቅርቦ መልሱን በእነዚሁ ገጾች እንዲያትምልን እጠይቃለሁ። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ኢትዮጵያዊ ወይም ትውልደ ኢትዮጵያዊ በራሱ ወጪ የግል አብራሪነት ሥልጠና አገር ውስጥ መጀመር ይችላል ወይ? የሚችል ከሆነ የትኛው ማሰልጠኛ፣ በየትኛው አውሮፕላን ማረፊያ ይቀበለዋል? በውጭ አገር የተገኘ የግል ፈቃድ ያለው ሰውስ ለዕረፍት ሲመጣ ፈቃዱን አስመዝግቦ፣ ከአገር ውስጥ አብራሪ ጋርም ቢሆን፣ እንዲበር የሚያስችል አሠራር አለ ወይ? ሦስተኛውን ጥያቄ የምጠይቀው ለራሴ ጭምር መሆኑን አልደብቅም፤ ለመጪው ጥር ቲኬት ቆርጫለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ